ዓለምን በብስክሌት የዞረችው እናት፦ የአኒ ለንደንደሪ ሕይወት



በዚህ ዓምድ በራሳቸው ጥረት ኑሯቸውን የለወጡ ሴቶችን ሕይወት እንደምናቀርብ ታውቃላችሁ። በዚህ እትም የመረጥናት ሴት አኒ ኮኸን ኮፕቾቭስኪ ትባላለች፤ ዓለም የሚያውቃት ግን አኒ ለንደንደሪ በሚለው ስሟ ነው። በ1894 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ከምትገኘው ከቦስተን ከተማ ብስክሌት ይዛ ተነሣች፤ ዓለምን ዞራም በ15 ወር አገሯ ተመለሰች። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፣ እኛ አገር አፄ ምኒልክ የነገሡበት፣ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ያለ ጊዜ ነው።

አኒ ሀብታም አልነበረችም፤ ስፖርተኛም አልነበረችም። ስደተኛ፣ ድሃ፣ ባለ ትዳርና የሦስት ሕፃናት እናት ነበረች። ለጉዞው እስከተነሣችበት ሰሞን ድረስ ብስክሌት ላይ ወጥታ እንደማታውቅ ይነገራል። በታሪኳ ውስጥ ልብ የሚያሞቅም፣ የሚያከራክርም ነገር አለ። ልጆቿን ትታ ሄዳለች፤ በየመንገዱም ያልሆነውን ሆነ ብላ አውርታለች። ሁለቱንም ሳንሸፋፍን እናቀርባለን፤ ሁለቱም እኛን የሚነኩ ጉዳዮች ናቸውና።

ልጅነቷና ትዳሯ

አኒ የተወለደችው በ1870 አካባቢ፣ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው በላትቪያ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። ገና ሕፃን ሳለች፣ በ1875፣ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደና ቦስተን ውስጥ ስደተኞች ተጠጋግተው በሚኖሩበት ሰፈር የኪራይ ቤት ያዘ። በ1887 መጀመሪያ ላይ አባቷ ሞተ። ሁለት ወር ያህል ቆይታ እናቷም ተከተለች። አኒ ያን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ወጣት ብትሆንም የራሷን ኑሮ ገና አልጀመረችም። ታላቅ እኅቷ አግብታ ሌላ ቦታ ትኖር ስለነበር፣ ሁለቱን ታናናሾች የማሳደጉ ኃላፊነት በአኒና በታላቅ ወንድሟ በቤኔት ጫንቃ ላይ ወደቀ። ወላጅ ሞቶበት እኅት ወንድም ያሳደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

በሚቀጥለው ዓመት አኒ ማክስ ኮፕቾቭስኪ የሚባል ሰው አገባች። ማክስ ዕቃ ይዞ እየዞረ የሚሸጥ፣ በእኛ አነጋገር ሱቅ በደረቴ ነበር። ሃይማኖቱን አጥብቆ የሚይዝ፣ ቅዱስ መጽሐፍ ማጥናት የሚወድ ሰው እንደነበር ይነገራል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ልጆች ወለዱ። ወንድሟ ቤኔትም ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እዚያው ፎቅ ላይ ይኖር ነበር። የሱቅ በደረቴ ገቢ ይህን ሁሉ አፍ አይሞላም። ስለዚህ አኒ ሥራ ጀመረች።

ሥራዋ ለቦስተን ጋዜጦች ማስታወቂያ መሸጥ ነበር። ከሱቅ ወደ ሱቅ እየሄደች፣ ባለ ሱቁ ገንዘብ ከፍሎ ስሙን በጋዜጣ ላይ እንዲያወጣ ታግባባለች። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ሽንኩርቱን ታሳያለች፤ አኒ ግን የምታሳየው ዕቃ አልነበራትም። የምትሸጠው ቦታና ተስፋ ነው። ይህን ሥራ የለመደች ሴት፣ ሰው ምን እንደሚያስቆመውና ከኪሱ ምን እንደሚያስወጣው ጠንቅቃ ታውቃለች። በኋላ የመጣው ነገር ሁሉ የተሠራው በዚህ እውቀቷ ላይ ነው።

ውርርዱ

በዚያ ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ የብስክሌት ጉዳይ ትልቅ ወሬ ነበር። የፊት ጎማው ቁመት የሚያህል የነበረው አሮጌው ብስክሌት ቀርቶ፣ ሁለት እኩል ጎማ ያለውና ጎማው በአየር የሚነፋው ዓይነት ወጥቶ ነበር። ይህ ብስክሌት ለሴትም የሚመች ነው። በዚያም አገር ሴት ወደ ማጀት ወንድ ወደ ችሎት የሚል አስተሳሰብ ስለነበረ ብዙ ሰው ደነገጠ። አንዳንድ ሐኪሞች ብስክሌት የሴትን ጤና ያናጋል፣ ፊቷንም ያበላሻል ብለው እስከ መጻፍ ደረሱ። የምርጫ መብት ታጋይ የነበረችው ሱዛን ቢ. አንተኒ ደግሞ ሴቶችን ነጻ በማውጣት ረገድ ብስክሌትን የሚያህል እንደሌለ ተናግራለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኔሊ ብላይ የምትባል ጋዜጠኛ በመርከብና በባቡር ዓለምን በ72 ቀን ዞራ ነበር። ቶማስ ስቲቨንስ የሚባል ሰውም ከ1884 እስከ 1886 በዚያ በአሮጌው ብስክሌት ዓለምን ዞሯል። በብስክሌት የዞረች ሴት ግን አልነበረችም።

አኒ ለጋዜጦች የተናገረችው ይህን ነው፦ ሁለት የቦስተን ሀብታሞች ተወራርደዋል፤ አንዲት ሴት በ15 ወር ውስጥ በብስክሌት ዓለምን ዞራ፣ በመንገድ ላይም 5,000 ዶላር ሠርታ ከተመለሰች 10,000 ዶላር ትሸለማለች። የውርርዱ ዝርዝር ከጋዜጣ ጋዜጣ ይለያይ ነበር። በኋላ ታሪኳን ያጠኑ ሰዎች የእነዚህን ሀብታሞች ዱካ ሊያገኙ አልቻሉም። ውርርዱን ራሷ አኒ ፈጥራው ሊሆን እንደሚችል ያምናሉ። ማስታወቂያ ሻጭ ናትና፣ ሰው ዝም ብላ ከምትጓዝ ሴት ይልቅ ተወራርዳ የምትጓዝን ሴት እንደሚከተል ታውቃለች።

በጁን 1894 መጨረሻ ላይ በማሳቹሴትስ ግዛት ምክር ቤት ደጃፍ ብዙ ሕዝብ ተሰበሰበ። በዚያው ቀን ለንደንደሪ የሚባል የማዕድን ውሃ የሚሸጥ ኩባንያ 100 ዶላር ሰጣት። በለውጡ የኩባንያውን ምልክት በብስክሌቷ ላይ ሰቀለች፤ ስሙንም የራሷ ስም አደረገችው። አኒ ኮፕቾቭስኪ ገና አንድ ኪሎ ሜትር ሳትሄድ አኒ ለንደንደሪ ሆና የመጀመሪያ ገቢዋን አስገባች። አዲሱ ስም ሌላም ጥቅም ነበረው። በዚያ ዘመን በአይሁድ ላይ የነበረው ጥላቻ ብርቱ ስለነበር፣ ማንነቷን የማይናገር ስም መያዝ ለመንገደኛ ሴት መከለያ ነበር። ትልቋ ልጇ አምስት፣ ተከታይዋ ሦስት፣ ትንሹ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ከአባታቸው ጋር ቀሩ።

ከቦስተን እስከ ቺካጎ

የመጀመሪያ ብስክሌቷ 19 ኪሎ ይመዝናል። ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ወገቧን በማጥበቂያ አስራ፣ አንገቷ ድረስ ተቆልፋ ነበር የተነሣችው። ስንቋ ቅያሪ ልብስና እጀታው በዕንቁ ያጌጠ ሽጉጥ ብቻ ነበር ይባላል። መጀመሪያ ወደ ኒውዮርክ ወረደች። እዚያ ጥቂት ሳምንታት ከቆየች በኋላ እጅግ ወደምትርቀው ወደ ቺካጎ ጉዞ ጀመረች።

በዚያን ጊዜ ከከተማ ውጪ ያለው መንገድ አብዛኛው የጋሪ መንገድ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ጭቃው ጎማ ይይዛል፤ ሲደርቅ የጋሪው ፈለግ እንደ ቦይ ይሆናል፤ በበጋ አቧራው ዓይን ያጠፋል። ረጅም ቀሚስ ደግሞ በፔዳልና በካቴና መካከል ይገባል። የእርሻ መንደሮችንና ትናንሽ ከተሞችን እያቆራረጠች በቀን የቻለችውን ያህል ትገፋለች። በዚያ አገር ብስክሌተኞች በየከተማው ማኅበር ነበራቸው። የትኛው መንገድ ደህና እንደሆነና ማደሪያ የት እንደሚገኝ የሚገልጹ የመንገድ መጻሕፍት ያሳትሙ ነበር። አኒ ወደ አንድ ከተማ ስትቃረብ የማኅበሩ አባላት ብስክሌታቸውን ይዘው ወጥተው የሚቀበሏት፣ በማግስቱም እስከሚቀጥለው ከተማ የሚሸኟት ጊዜ ብዙ ነበር። ለብቻዋ ዓለምን ዞረች ሲባል እነዚህ ሰዎች መረሳት የለባቸውም።

ቺካጎ የደረሰችው በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ሦስት ወር ያህል ከፈጀ ጉዞ በኋላ ነው። ዘጠኝ ኪሎ ያህል ከሥታለች። ክረምት እየመጣ ነበር፤ ወደ ምዕራብ ብትቀጥል ተራራው በበረዶ ይዘጋል። ከተሰጣት 15 ወር ሦስቱን ጨርሳ ገና ከአገሯ አልወጣችም። ጉዞዋን ልታቆም መሆኗን ጋዜጦች ጻፉ።

የተለወጠው ብስክሌትና የተለወጠው ልብስ

ቺካጎ ላይ ያደረገችው ነገር በታሪኳ ውስጥ እኛን እጅግ ያስደነቀን ነው። ስተርሊንግ የሚባል የብስክሌት ፋብሪካ አንድ የወንድ ብስክሌት ሰጣት። ክብደቱ ከመጀመሪያው ግማሽ ያህል፣ ከአሥር ኪሎ በታች ነበር። ፍሬን የለውም፤ ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ፔዳሉም አብሮ ይሽከረከራል፤ ለማቆም በእግር መታገል ያስፈልጋል። የወንድ ብስክሌት ስለሆነ መካከሉ ላይ የሚያልፈው ብረት በቀሚስ አያስቀምጥም። ስለዚህ አኒ ቀሚሱን ጥላ መጀመሪያ ሰፊ ሱሪ፣ በኋላም የወንድ የብስክሌት ልብስ ለበሰች።

ሱሪ መልበስ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። አንዳንዱ ሳቀባት፤ አንዳንዱም ሴትነቷን ተጠራጠረ። እሷ ግን ሥራው የሚጠይቀውን ልብስ ለበሰች። አቅጣጫዋንም ለወጠች። ወደ ምዕራብ መሄዱን ትታ፣ በመጣችበት መንገድ ወደ ኒውዮርክ ተመለሰች። ሦስት ወር የደከመችበትን መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ብዙ ሰው የማይደፍረው ነገር ነው። በኖቬምበር 24 ቀን 1894 ወደ ፈረንሳይ በምትሄድ መርከብ ተሳፈረች። የመጨረሻው መድረሻዋም ቦስተን መሆኑ ቀርቶ ቺካጎ ሆነ።

ከፈረንሳይ በረዶ እስከ ሩቅ ምሥራቅ

በዲሴምበር 3 ቀን ለ አቭር ወደብ ስትደርስ ጉምሩክ ብስክሌቷን ያዘባት። ገንዘቧም ተሰረቀ። የፈረንሳይ ጋዜጦች በመልኳና በአለባበሷ አፌዙ። ቋንቋውን አታውቅም፤ ገንዘብ የላትም፤ ብስክሌቷም በሰው እጅ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ፓሪስ ውስጥ ወሬው ሁሉ የእሷ ሆነ። የብስክሌት ወዳጆች ከበቧት፤ ነጋዴዎች ማስታወቂያቸውን ሰጧት። በዚያው ወር እዚያው ፓሪስ ውስጥ ድሬፉስ የተባለው አይሁዳዊ የጦር መኮንን ባልሠራው ወንጀል ተፈርዶበት፣ አገሩ በአይሁድ ጥላቻ እየታመሰ ነበር። አኒ ለንደንደሪ የሚለውን ስሟን አልለቀቀችም።

ከፓሪስ እስከ ማርሴይ ወደብ ያለው መንገድ ከክረምቱ ጋር የተጋፈጠችበት ነው። ሰሜኑ በበረዶ ተሸፍኗል። ከፊሉን በብስክሌት፣ ከፊሉን በባቡር ሄደች። ከሊዮን ወዲያ ያለው የሮን ወንዝ ሸለቆ ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀ ከበረዶው አገር ወደ ወይንና ወይራ አገር ያወርዳል። እዚያ እግሯ ተጎዳ። በጃንዋሪ 13 ቀን 1895 ማርሴይ የገባችው፣ አንድ እግሯን በፋሻ ጠቅልላ በብስክሌቱ መሪ ላይ ሰቅላ፣ በሌላው እግሯ ብቻ ፔዳል እየመታች ነው። ሕዝቡ በመንገድ ዳር ተሰልፎ ተቀበላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ አብዛኛው የመርከብ ነው። በጃንዋሪ 20 ቀን ከማርሴይ ተነሥታ፣ በስዌዝ ቦይ አልፋ፣ ቀይ ባሕርን ወርዳ፣ በኮሎምቦ፣ በሲንጋፖር፣ በሳይጎን፣ በሆንግ ኮንግና በሻንግሃይ በኩል ጃፓን ደረሰች። መርከቡ በቆመበት ወደብ ወርዳ በብስክሌቷ ትዞራለች፤ ንግግር ታደርጋለች፤ ፊርማ ታሰባስባለች። በማርች 9 ቀን ከዮኮሃማ ተሳፍራ በ23 ሳን ፍራንሲስኮ ገባች። ከማርሴይ እስከ ዮኮሃማ የወሰደባት ሰባት ሳምንት እንኳ አይሞላም።

አሜሪካ ስትደርስ ያወራችው ግን ሌላ ነው። ሕንድ ውስጥ ከመሳፍንት ጋር ነብር አድኛለሁ፤ በቻይናና በጃፓን ጦርነት መካከል ገብቼ ቆስያለሁ፤ ታስሬም ነበር አለች። ከላይ ያሉትን ቀኖች የሚቆጥር ሰው ይህ ሁሉ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊሆን እንደማይችል ይገባዋል። ፈረንሳይ ሳለችም አንድ ጊዜ የሕክምና ተማሪ፣ አንድ ጊዜ ጠበቃ፣ አንድ ጊዜ ወላጆቿን ያጣች ባለ ውርስ ነኝ ትል ነበር። ባልና ሦስት ልጆች እንዳሏት ግን ለጋዜጠኞች አታነሣም ነበር።

በምዕራቡ በረሃ

እውነተኛው የብስክሌት ፈተና የመጣው ከሳን ፍራንሲስኮ በኋላ ነው። ከአፕሪል እስከ ሴፕቴምበር 1895 ከምዕራብ ዳርቻ እስከ ቺካጎ ተጓዘች። ገና በካሊፎርኒያ ሳለች፣ ስቶክተን በምትባል ከተማ አቅራቢያ፣ ደንብሮ የሚጋልብ ፈረስ ከነጋሪው መጥቶ ጣላት፤ ተጎዳች። ቢሆንም ንግግሯን አላቋረጠችም።

የካሊፎርኒያ አትክልት ቦታና እርሻ ካለቀ በኋላ የአሪዞና በረሃ ይጀምራል። ውሃ የለም፤ ጥላ የለም፤ መንገዱ አሸዋ ነው። አሸዋ ላይ ብስክሌት አይሄድም፤ ይገፋል። እዚያ የሚያዋጣው የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ መሄድ ነበር። ሐዲዱ መንገድ ያሳያል፤ በተወሰነ ርቀትም የሐዲድ ሠራተኞች ቤትና ውሃ ይገኛል። በዩማ፣ በፊኒክስና በቱሳን በኩል አልፋ ኤል ፓሶ ገባች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሰሜን አዙራ የኒው ሜክሲኮን ደረቅ ደጋ ወጣች። ከጭቃ ጡብ የተሠሩ ቤቶች ባሉባቸው በአልበከርኪና በሳንታ ፌ በኩል አልፋ፣ የሮኪ ተራሮችን በግራዋ እያደረገች በኦገስት ወር ዴንቨር ደረሰች። በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ ውስጥ የባሕር ዳርን፣ የበረሃን፣ የተራራንና የሜዳን አገር አየች።

በየትንንሹ ከተማ የሚደገም አንድ ነገር ነበር። አኒ ከመድረሷ በፊት ወሬዋ ይደርሳል፤ የአካባቢው ጋዜጣ ትመጣለች ብሎ ይጽፋል፤ ብስክሌተኞቹ ይወጣሉ፤ ማታ በአንድ አዳራሽ ሰው ተሰብስቦ ያዳምጣታል። ወደ ሩቅ አገር ሄዶ የማያውቀው ገበሬና ነጋዴ ስለ ዓለም ከአንዲት ሴት አፍ ይሰማል። በማግስቱ ሌላ ከተማ፣ ሌላ አዳራሽ።

የኔብራስካን ሜዳ አብዛኛውን በባቡር አለፈችው። አዮዋ ግዛት ውስጥ ደግሞ፣ ግላድብሩክ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ከአሳማ መንጋ ጋር ተጋጭታ ወደቀችና የእጇ አንጓ ተሰበረ። እጇ በጄሶ ታስሮ ቀሪውን መንገድ ቀጠለች። በሴፕቴምበር 12 ቀን 1895 ቺካጎ ገባች። ወዲያውም ወደ ቦስተን፣ ወደ ባሏና ወደ ልጆቿ ተመለሰች።

ገንዘቡ እንዴት ተገኘ?

አኒ ያለ ሀብት የወጣች ሴት በመሆኗ የገንዘቧ አያያዝ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ብስክሌቷ ላይ ያለው ቦታ ሁሉ ዋጋ ነበረው። የልብሷ እጅጌ፣ ጀርባዋ፣ የብስክሌቱ ብረት፣ ሁሉም ይከራይ ነበር። የጎማ ነጋዴ፣ የሽቶ ነጋዴ፣ ማንም ከከፈለ ምልክቱን ትለብሳለች። ፎቶግራፏን አሳትማ በየከተማው ትሸጣለች፤ ፊርማዋን ትሸጣለች፤ ለንግግሯ መግቢያ ታስከፍላለች። በአንዳንድ ሱቅ ውስጥም ደንበኛ ለመሳብ ቆማ ትውላለች።

ይህን ዘዴ መንገድ ላይ አልተማረችውም። ቦስተን ውስጥ በየሱቁ እየዞረች የለመደችውን ሥራ ነው ወደ ዓለም ያወጣችው። ካፒታል የለኝም ብለን ስንቀመጥ፣ እጃችን የሚያውቀው ሥራ ራሱ ካፒታል መሆኑን እንረሳለን። እንጀራ የምትጋግር ሴት ያላት ምጣዱ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛዋን ማወቋ፣ ቃሏን መጠበቋ፣ ጠዋት መነሣቷም ሀብቷ ነው።

ከጉዞው በኋላ

በኦክቶበር 1895 ኒውዮርክ ወርልድ የተባለው ታላቅ ጋዜጣ የጉዞ ታሪኳን በሰፊው አወጣ። ቤተሰቡም ወደ ኒውዮርክ ተዛወረ። አኒ ለጥቂት ወራት አዲሲቱ ሴት በሚል የብዕር ስም ለዚሁ ጋዜጣ ጻፈች። በ1897 አራተኛ ልጇን ወለደች። ዝናዋ ግን ብዙ አልቆየም። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቷ እንደ ማንኛችንም ሕይወት ነው፤ ሥራ፣ ልጆች፣ ኪራይ። አንድ ጊዜ እንደገና ከቤቷ ርቃ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሱቅ ሻጭነት ሠርታለች። በኋላ ከባሏ ጋር አነስተኛ የልብስ ሥራ ነበራቸው፤ እሱም ተቃጠለ። በመድኅን ገንዘቡ ሌላ ሥራ ጀመረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ብዙ ሳትቆይ፣ በኖቬምበር 1947 አረፈች። ዓለምን የዞረችው ሴት ስትሞት የሚያስታውሳት ሰው ጥቂት ነበር።

ታሪኳ እንደገና የወጣው የወንድሟ የቤኔት የልጅ ልጅ ልጅ የሆነው ፒተር ዙትሊን ለዓመታት አሮጌ ጋዜጦችን ሲፈልግ ቆይቶ በ2007 መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ ነው። እውነቱን ከፈጠራው የለየልንም የእሱ ልፋት ነው።

ከእኛ ኑሮ አንጻር

ይህን ታሪክ በመካከላችን ስንነጋገርበት ሁለት ጥያቄዎች ከሁሉ በላይ አከራከሩን። የመጀመሪያው የልጆቹ ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን ትታ 15 ወር የምትሄድ እናት ምን ዓይነት እናት ናት? ይህን ጥያቄ ስንጠይቅ ግን ከአጠገባችን ያሉትን ማየት አለብን። ወደ ዓረብ አገር ሄደው በሰው ቤት የሠሩ፣ ልጆቻቸውን ለእናታቸው ወይም ለእኅታቸው ትተው የወጡ ሴቶች በየሰፈራችን አሉ። የላኩት ብር ቤት ሠርቷል፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ከፍሏል። ሲመለሱ ግን ልጁ እማዬ የሚለው አያቱን ነው። ይህን ሕመም ማንም ከውጭ ሆኖ ሊፈርድበት አይገባም። የአኒም ልጆች ያለ እናት የቆዩበት ጊዜ ዋጋ ነበረው፤ ያንን ዋጋ የከፈሉት እነሱ ናቸው። ዝናው ላይ ስማቸው አልተጻፈም።

የአኒ ጉዞ የቆመው ቤት ውስጥ በቀሩት ላይ ነው። ማክስ ሱቅ በደረቴውን እየሠራ ልጆቹን ይዞ ባይቀር፣ ቤኔትና ሚስቱም እዚያው ፎቅ ላይ ባይኖሩ ኖሮ፣ ውርርዱም ብስክሌቱም አይኖርም ነበር። ስለዚህ አንዲት አባል ለሥራ ወይም ለሥልጠና ስትወጣ፣ ልጆቿን ማን ይይዛል የሚለው ጥያቄ የእሷ የግሏ ጣጣ ተደርጎ መታየት የለበትም። አንዳችን ገበያ ስንውል የሌላዋን ልጅ የምትጠብቀው ጎረቤት ለሥራው የብድሩን ያህል ታስፈልጋለች። የሰጠችው ጊዜም እንደ መዋጮ ሊቆጠርላት ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ የእውነት ነው። አኒ ስትዋሽ ተመልካቿ ይደሰት ነበር፤ ማንም አልተራበም በማለት ሊከራከርላት የሚሞክር ይኖራል። እሷ ግን በየቀኑ ሌላ ከተማ የምታድር መንገደኛ ነበረች። ዛሬ የነገረችውን ሰው ነገ አታገኘውም። እኛ ደግሞ በየወሩ እዚያው ክፍል፣ ያንኑ ሰው ፊት ለፊት እያየን የምንቀመጥ ነን። ቁጠባችን የቆመው በአንድ ደብተር ላይ ነው። ያልተከፈለው ተከፈለ ተብሎ ከተጻፈ፣ ለደጋፊዎቻችንም ያልተሠራው ተሠራ ተብሎ ከተነገረ፣ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይሆንም፤ በሚቀጥለው ወር የሚመጣ ሰው አይኖርም። የአኒ ታሪክ ራሱ ይህን ያሳያል። ያጋነነችው ሲወድቅ፣ በእውነት የሠራችውም አብሮ ተጠረጠረ፤ ተረሳም። ወደ ማርሴይ በአንድ እግር የገባችው ሴት ነብር ማደን አያስፈልጋትም ነበር። የተሰበረ እጇን በጄሶ አስራ የአዮዋን መንገድ መጨረሷ ብቻውን ይበቃት ነበር።

ከአኒ የምንወስደው ግን ብዙ ነው። ካላት ነገር ጀመረች። ጭነቱ ሲከብዳት ጭነቱን ለወጠች። ከአቅም በላይ የተወሰደ ብድር፣ ለዓይን ብቻ የተገዛ የሱቅ ዕቃ፣ ሰው ምን ይለኛል ብለን የምንሸከመው ወጪ ሁሉ የመጀመሪያዋን 19 ኪሎ ብስክሌትና ያን ረጅም ቀሚስ ይመስላል። መንገዱ እንደማያዋጣ ስታይም ሳታፍር ወደ ኋላ ተመልሳ በሌላ በኩል ሞከረች። ሥራቸው አልሄድ ብሎ የንግዱን ዓይነት የቀየሩ አባሎቻችን እንደተሸነፉ እንዳይቆጥሩት የምንለው ለዚህ ነው።

አባሎቻችን ይህን ጽሑፍ በቡድን ስብሰባችሁ ላይ አንብባችሁ፣ በተለይ በሁለቱ ጥያቄዎች ላይ እንድትወያዩ እንጋብዛለን። ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ወይም ለጸሐፊያችን ነግራችሁ ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ደጋፊዎቻችን ደግሞ ድጋፋችሁን ስታስቡ፣ ከምትወጣው ሴት ጋር ቤት የምትቀረውንም አስቧት።